የ«ሁለት ፀሐይ» መጨረሻ

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ሽንኩርትና ጨው ሸምቼ ስመለስ፣ ደባርቅ መናኸሪያ በር ላይ ባጃጅ የሚጠብቁ ሁለት ወጣቶች በስልክ ፊልም ያያሉ። እኔ ፊልሙን አላየሁትም፤ ሰማሁት። መጀመሪያ ያ ሦስቴ የሚመታው ከበሮ፣ ቀጥሎ ያ ለቅሶ ለቅሶ የሚለው ዜማ። እግሬ እንደተተከለ ቀረ። ከዚያ የፊልሙ ጀግና ወፍራም ድምፅ በእንግሊዝኛ «ደህና እደር» አለ፣ ጥይት ጮኸ፣ ልጆቹ ተሳሳቁ፣ ስልኩን አጠፉት። «አለቀ?» አልኳቸው ሳላስበው። «አለቀ፤ የቀረው የሠራተኞቹ ስም ብቻ ነው» ብሎ አንደኛው ቀና ሲል ተያየን። ዮናስ ነው፤ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት እንግሊዝኛ ካስተማርኳቸው የመጨረሻዎቹ ልጆች አንዱ። «ቲቸር ውብዓለም!» ብሎ ዘንቢሌን ተቀበለኝ። ስለ ድሮ ፊልሞች እያወራ ራሱን ይቀርጽና ኢንተርኔት ላይ ይለቃል አሉ፤ ተከታይም አለው። «የዚህን ፊልም ጥንካሬና ድክመት እየሠራሁ ነው፣ ቲቸር። ድክመቱ ብዙ ነው፣ ያስቃል። መጨረሻው ግን ምርጥ ነው! ‹ደህና እደር› ሲለው እዚያው ላይ ቆርጬ ነው የምጨርሰው» አለኝ። ደሜ ፈላ። በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት መናኸሪያ መሃል ልትጮህ አይገባትም፤ እኔ ግን ጮኽኩ። «መጨረሻው ነው የፊልሙ ውርደት! ቤት ናና ልንገርህ!» መጣ፤ ነገርኩትም። ነገር ግን የእሱ ቪዲዮ አምስት ደቂቃ ነው፣ የእኔ ነገር ደግሞ እዚያ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ራሴ ጻፍኩት።

ገና ወጣት መምህርት ሳለሁ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ዛሬ ሲሚንቶና ቆርቆሮ የሚሸጥበት ማዕዘን ላይ የጋሽ ታፈረ ቪዲዮ ቤት ነበር። የጭቃ ቤት ነው፤ መስኮቶቹ በጆንያ የተደፈኑ፣ መቀመጫዎቹ ከባሕር ዛፍ የተጠረቡ አግዳሚዎች። ከጓሮ ጀኔሬተሩ ይንደቀደቃል። መግቢያው ሽልንግ፣ ሃምሳ ሳንቲም፣ ነበር፤ በሽልንግ ያን ጊዜ ሻይ ከነዳቦው ይገኛል፣ ሰው ግን ሻዩን ትቶ ፊልሙን ያያል። ከፊልሙ በፊት ጋሽ ታፈረ ድምፅ ማጉያውን ደጅ አውጥተው የማሲንቆ ዘፈን ይለቃሉ፤ በጓን ሸጣ የምትመለሰው ሴት ሳትቀር ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ታልፋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጃናሞራም ከበየዳም ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ የመጣ ገበሬ ጉዳዩን ጨርሶ ይገባል። ዱላውን በር ላይ ያስረክባል፤ መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው። የከተማው ጎረምሳ ደግሞ ሰልባጅ ጃኬት ለብሶ፣ ኮሌታውን አቁሞ፣ ከኋላ ይደገፋል። በጉም የረጠበ ጋቢ ሲሞቅ የሚያወጣው ሽታ፣ ከናፍጣና ከቆሎ ጋር ተደባልቆ፣ ዛሬም ዝናብ ሲመጣ አፍንጫዬ ሥር ይመጣል። ዛሬ ልጆቹ ለየብቻቸው፣ መዳፍ በምታክል መስታወት ያያሉ። ማንም ማንንም «ዝቅ በል እንጂ!» አይልም። እነሱ ሥልጣኔ ይሉታል፤ እኔን ያሳዝኑኛል።

እኔ የቤቱ ተርጓሚ ነበርኩ። የክፍል መጠቆሚያ ዱላዬን ይዤ ቴሌቪዥኑ አጠገብ እቆምና «ሰውየው እንዲህ አለ፣ አለቃው እንዲህ መለሰለት» እያልኩ ከፊልሙ ሰዎች በላይ እጮሃለሁ። ከጎንደር ያሰፋሁትን ሰማያዊ ጉርድ ቀሚስ ለብሼ፣ ላዩ ላይ የወንድ ሹራብ ደርቤ። ከተማው ጉድ አለ። ያላገባች ሴት፣ ያውም መምህርት! አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ጨለማ ቤት ከወንድ ጋር ተቀምጠሽ ትውያለሽ ይሉሻል» አለችኝ። «ውሸት ነው፣ አልቀመጥም፤ ቆሜ ነው የምውለው» አልኳት። ዳባት ያለችው እናቴም ሰምታ ነበር። እሷ ግን ያን ሰሞን የሚያሳስባት ሌላ ነገር ነበራት፤ እመጣበታለሁ።

ካሴቱ ላይ የነበረው ጽሑፍ ታሽቶ ስለጠፋ የፊልሙን ትክክለኛ ስም ማንም አያውቅም፤ እኛ «ሁለት ፀሐይ» አልነው። ነገሩ ወደፊት በሚመጣ ዘመን ነው። አንድ ኩባንያ ሰማይ ላይ ግዙፍ መስታወት ሰቅሎ ሌሊትን አጥፍቷል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ መስታወቱ ያበራል፣ ሕዝቡ ያለ ዕረፍት ይሠራል። ጀግናው የባቡር ሐዲድ ጠባቂ ነው። ጓደኛው ሥራ ላይ ወድቆ ሲሞትበት ተነሥቶ መስታወቱን ሊሰብር ይሄዳል። መስታወቱን ያሠራው ዋና መሐንዲስ፣ መነጽር ያደረገ ከሲታ ሰው፣ ጠላቱ ነው። ዮናስ በሚበሩት መኪኖች ይስቃል፤ ቆርቆሮ ናቸው፣ የተንጠለጠሉበት ክር ይታያል ይላል። ይታይ! እኔም አይቼዋለሁ፤ የዛሬዎቹ ክር የሌላቸው ፊልሞች አንዳቸውም እንደዚያ እንቅልፍ አልነሱኝም። መጀመሪያው ላይ ለረጅም ጊዜ ማንም አይናገርም፤ እኔ እንኳ የምተረጉመው አጥቼ ዱላዬን ይዤ እቆማለሁ። ሰዎች መዳፋቸውን ዐይናቸው ላይ ጋርደው ሲሠሩ ብቻ እናያለን፤ አንዲት እናት ልጇ እንዲተኛ ፊቱን በቀሚሷ ትሸፍነዋለች። ይኼን የሠራ ሰው ሰው ያውቃል። መሐንዲሱም ተራ ክፉ አይደለም። «ጨለማ ሳለ ትገዳደሉ ነበር፤ ጨለማውን ወሰድኩላችሁ፣ ምን በደልኳችሁ?» ይላል፤ ይህን ስተረጉም በየሳምንቱ «እሱስ እውነቱን ነው» የሚል ሰው አይጠፋም ነበር። መስታወቱ ተሰብሮ የመጀመሪያው ሌሊት ሲወርድ ደግሞ፣ ቴሌቪዥኑ ጠቁሮ ቤቱ ድቅድቅ ሲል፣ ያ ሁሉ ባላገር ትንፋሹን ይውጣል። ፊልሙ ውስጥ ያለው ሕዝብ መንገድ ላይ ተቀምጦ ወደ ላይ ያንጋጥጣል። ዛሬ ድረስ ከዚያ የሚበልጥ ነገር በፊልም አላየሁም፤ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

ድክመቱን ግን ከዮናስ በፊት የበየዳ ሰው ጨርሶታል። ከፊት አግዳሚ የማይጠፉ አያ ደሴ የሚባሉ የበየዳ ሽማግሌ ነበሩ። ጀግናው ከደመና በላይ የሚወጣውን ግንብ በካናቴራ ብቻ ሆኖ ሲሮጥበት ባዩ ቁጥር ይቆጣሉ። «ኧረ ይኼ ሰው ሳንባው የምን ነው? እኛ እንኳ የቧሒትን ተራራ ስንወጣ ስንት ጊዜ ቁጭ እንላለን! ደሞ ብርዱስ?» ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ሲተኩስ ደግሞ፣ «ጥይቱን ማን ነው እሚያቀብለው?» ይላሉ፤ አንድ ጥይት ስንት እንደሚያወጣ ስለሚያውቁ ነው። በፊልሙ ሁሉ ያለችው ሴት አንዲት ናት። ሥራዋ መጮህና እግሯ ተጠምዝዞ መውደቅ ነው። ሊማሊሞን ዱቄት ተሸክመው በሚወጡ ሴቶች አገር ይኼን መተርጎም ያሳፍረኝ ስለነበር፣ «ወደቀች» ከማለት «አሁንም ወደቀች» እያልኩ ፊልሙን እበቀለዋለሁ። እነዚህ ሁሉ ግን የሚሳቅባቸው ድክመቶች ናቸው። የማይሳቅበት መጨረሻው ነው። መስታወቱ ተሰብሯል፣ ሌሊቱ ተመልሷል። መሐንዲሱ መነጽሩ ወድቆ፣ ተንበርክኮ፣ ሁለት እጁን አንሥቷል። ጀግናው «ደህና እደር» ብሎ ግንባሩን ይለዋል። ከዚያ ከበሮው እንደገና ሦስቴ ይመታና ስሞች መውጣት ይጀምራሉ። ስሞቹን ግን ደባርቅ አይቷቸው አያውቅም፤ ጋሽ ታፈረ ናፍጣ ለመቆጠብ ጥይቱ እንደጮኸ ነበር የሚያጠፉት።

አሁን ወደ እናቴ ጉዳይ ልምጣ። ታላቅ ወንድማችን ዳባት አጠገብ በግጦሽ ድንበር ጠብ ተገድሎ ነበር። ገዳዩ ቆላ ወርዶ ከርሞ ተመለሰና ሽማግሌ ላከ፤ እናቴ በር ዘግታ መለሰቻቸው። በእኛ አገር ደሙ ወደ ቀጣዩ ወንድ ይሄዳል። ቀጣዩ አስረስ ነው፤ ታናሼ፣ አንገቱ እንደ ልጅ ቀጭን የሆነ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። ደሙን እስኪመልስ ብሎ ጠጉሩን ሳይቆረጥ አሳደገ። እናቴ የሟቹን ጋቢ ከነደሙ ምሰሶው ላይ ሰቀለችው፤ ሲገባ ሲወጣ እንዲያየው። ለቅሶ ቤት የተቀመጠችው ሴት ሁሉ በሙሾዋ ወጋችው። እህት እኔ ነኝ፤ የሚጠበቀው የእኔ ስንኝ ነበር። አንዲትም አልወረወርኩም። «ፊደል ልብሽን አጠበው» አለችኝ እናቴ። ገዳዩን ልከላከል አይደለም፤ ወንድሜን እስከ ዛሬ አለቅስለታለሁ። ነገር ግን አንድ ወንድም ቀብሬያለሁና ሁለተኛውን አልሰጥም አልኩ፤ ለማንም፣ ለእናቴም ቢሆን።

አንድ የገበያ ቀን «ሁለት ፀሐይ» ከግማሽ ሲያልፍ ጋሽ ታፈረ በጆሮዬ ጠጋ አሉ። «መምህርት፣ ወንድምሽ ገብቷል፣ በስተኋላ ነው። ዱላውን ሰጥቶኛል፤ ከጋቢው ሥር ያለውን ግን ልፈትሽ አልደፈርኩም። ያ ሰውዬ ዛሬ ገበያ ውሏል። ሲመለስ በዳባት መንገድ ነው።» ገባኝ። አስረስ ገበያው እስኪበተንና ገዳዩ ወደ ዳባት እስኪመለስ ሰዓት እየገደለ ነው። በቴሌቪዥኑ ብርሃን ፊቱን ፈልጌ አገኘሁት፤ ግራ ክንዱ ጎኑ ላይ ተጣብቋል። አፌ ይተረጉማል፣ ምን እንዳልኩ ግን አላውቅም። «መጨረሻውን ለውጪው፤ ማረው በያቸው» አሉ ጋሽ ታፈረ። «ዐይን አላቸው እኮ፣ ሲወድቅ ያያሉ!» አልኳቸው። እውነትም ምን ብዬ ልለውጠው? መሐንዲሱ ተንበረከከ። ከኋላ ጎረምሳው «በለው! በለው!» ይላል። አስረስ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። «‹ደህና እደር› አለው» አልኩ፤ ቃሉን አልሸፈንኩትም። ጥይቱ ጮኸ፣ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ፣ የጋሽ ታፈረ እጅ ወደ ማጥፊያው ሄደ። በመጠቆሚያው ዱላ እጃቸውን መታሁት። «አትንኩት!»

ስሞቹ መውጣት ጀመሩ። ነጭ በጥቁር፣ ከታች ወደ ላይ፣ ቀስ ብለው። ተነሥቶ የነበረው ሰው ተመልሶ ተቀመጠ፤ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅማ። «መምህርት፣ ይኼ ምን የሚሉት ጽሕፈት ነው?» አሉ አያ ደሴ። እግዜር ያውቃል፣ አስቤ አልመጣሁም። «የሟቹ ወገኖች ስም ነው» አልኳቸው። ዱላዬን አነሣሁና ማንበብ ጀመርኩ። «ይኼ ታላቅ ወንድሙ ነው። ይኼ ታናሹ። እነዚህ የአጎቱ ልጆች ናቸው። ይኼ የእህቱ ባል። ይኼ ልጁ ነው፣ ገና አላደገም፤ ሲያድግ ይመጣል።» ስም ይወጣል፣ ይወጣል፣ አያልቅም። የእኔ ተማሪዎች በጃኬታቸው ከኋላ ቆመዋል፣ ማንበብ ይችላሉ፤ ነገር ግን የዓመቱን ፈተና ገና አልፈተንኳቸውም፣ አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። «ይኼ ሁሉ?» አሉ አያ ደሴ አማትበው። «ይኼ ሁሉ።» «ወይኔ! መግቢያ የለውማ ይኼ ሰው! የገዳዩስ ወገን? አልተጻፈም?» አስረስን እያየሁ ነበር። «የገዳዩ ወገን ጥቂት ነው» አልኩ። «ወንድም የለውም፣ ሞቶበታል። ያለችው አንዲት እህት ናት።»

አስረስ ዐይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም። ካሴቱ አልቆ ሲያንሿሽሽም ማንም አልወጣም። አያ ደሴ ተነሥተው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ዛሬስ ደስ አላለኝም» አሉ። «ይኼ የባቡር ዘበኛ ጥፋት አጥፍቷል። መስታወቱን ሰብሯል፣ ሌሊቱን መልሷል፣ ምን ቀረው? ሰውየው እኮ እጁን አንሥቷል! ሽማግሌ ማስገባት ነበረበት።» ሌላው «ማን ይግባለት? እዚያ ሰማይ ላይ ሽማግሌ ከየት ይመጣል?» አለ። «ሐዲዱ ላይ ያሉት አዛውንቶችስ? አላየሃቸውም?» ክርክሩ ተቀጣጠለ። ጋሽ ታፈረ ጀኔሬተሩን አጥፍተው በሩን ከፈቱ፤ ማንም አልተነሣም፤ ግማሹ በሩ ላይ ቆሞ ይሟገታል፣ መውጫ የለም። በዚህ መሃል ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ። «የሞተው ጓደኛውስ? ደሙ ይቅር?» አስረስ ነው። ደባርቅ ትንሽ ከተማ ናት፣ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አያ ደሴ ወደ እሱ ዞሩ። «ደሙማ አይቀርም ልጄ። ይጠየቃል። ግን የላከውን ሽማግሌ መልሰህ፣ መንገድ ላይ አድፍጠህ ከሆነ፣ ያ መጠየቅ አይደለም። በኋላ ይኼን ሁሉ ስም ይዘው ለሚመጡት ምን ልትላቸው ነው?» ክርክሩ ቀጠለ፤ ቀጠለና ስንወጣ ገበያው ባዶ ነበር፣ ውሻና ገለባ ብቻ። የዳባቱ መንገደኛ ሁሉ ሄዷል።

አስረስ ያን ቀን እኔ ቤት አደረ። አመስግኖኝ አይደለም። «አሳፈርሽኝ፣ እታለም፤ ሰው ፊት» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቆይቶ ደግሞ ሳይዞር፣ «እውነት የወገኖቹ ስም ነው?» አለኝ። «ብትተኩስ እውነት ይሆን ነበር» አልኩት። ጠዋት የሽጉጡን ጥይት አውጥቶ አልጋዬ ላይ ተወልኝ፤ ሽጉጡን ወሰደ። ነገሩ በአንድ ቀን አልበረደም፤ ተቆጥቶኝ ቆየ፣ ዳባትም ስሄድ አልተቀበለኝም። አያ ደሴና የእኛ አጥቢያ ሽማግሌዎች ግን ሲመላለሱ ክረምቱ አለፈ፤ በመጨረሻ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ በታቦቱ ስም ታርቀን ደሙ ደረቀ። አስረስ ጠጉሩን ተላጨ። ጆሮዎቹ እንዴት ትልልቅ እንደሆኑ ረስቼው ነበር፤ አይቼው ሳቅሁ፣ እሱም አፉን ሸፍኖ ሳቀ።

ይህን ሁሉ ለዮናስ ስነግረው ስልኩን ዘቅዝቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ነበር። «ቲቸር፣ እነዚያ እኮ የካሜራ ሠራተኞችና የልብስ ሰፊዎች ስሞች ናቸው» አለኝ ቀስ ብሎ፣ እንዳያሳዝነኝ። «አውቃለሁ። እንግሊዝኛ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ» አልኩት። «ታዲያ ውሸት አልነበረም? አይጸጽትዎትም?» አይጸጽተኝም! ውሸታሙ ፊልሙ ነው። ሰው ገድሎ፣ ቀልዶ፣ ከበሮ አስመትቶ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አያሳይም። ሚስቱን አያሳይም፣ ልጁን አያሳይም፣ ዘበኛው ከዚያ ወዲያ ሐዲዱ ላይ እንዴት ጀርባውን እያየ እንደሚሄድ አያሳይም። ያ ሁሉ ብልኃት፣ ያ ሁሉ መስታወት፣ ያ የመጀመሪያው ሌሊት፣ እዚህ ላይ ሲደርስ የልጅ ፉከራ ይሆናል። እኔ የጎደለውን ሞላሁለት እንጂ አልዋሸሁም። ዮናስ ይህን በቪዲዮው ያስገባው አያስገባው የራሱ ጉዳይ ነው። «እናትዎስ?» አለኝ። ልጁ ጥያቄ ያውቃል፤ ደህና አስተምሬዋለሁ።

እናቴ አልማረችኝም። «የልጄን ደም ደመ ከልብ ያደረግሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲያ ከእጄ አልበላችም። በበዓል ስሄድ ጎረቤት ትሄዳለች። በታመመች ጊዜ ዳባት ሄጄ አልጋዋ ሥር ሰነበትኩ፤ ውኃ ስሰጣት አፏን ትዘጋለች፣ አስረስ ከእጄ ተቀብሎ ሲሰጣት ትጠጣለች። ያማል። አላመመኝም ብዬ አልዋሽም፤ እስካሁን ሌሎች እናቶች ሴት ልጃቸውን ሲጠሩ ስሰማ ፊቴን አዞራለሁ። በመጨረሻዋ ቀን እንኳ አስረስንና ልጆቹን ሁሉ በስም መርቃ እኔን ዘለለችኝ። ማግስቱን ስትቀበር አስረስ ከልጆቹ ጋር ሆኖ የቃሬዛውን የፊት ጫፍ ተሸከመ፤ ግማሽ ጠጉሩ ሸብቷል፤ ዐቀበቱ ላይ ሌላው ሁሉ ሲቀያየር እሱ አልለቅ አለ፣ ትከሻው ሰንበር እስኪያወጣ። እኔ ከኋላ ነበርኩ፤ ለቀስተኛው እያየ ያንሾካሹክብኛል። ያንሾካሹክ። እናቴም ትቆጣኝ፤ አፈር ያለበሳት ልጇ ነው።